ኦቨርታይማችሁን የሚያስበሉ ስህተቶች

ለሠራተኞች የክስ ማመልከቻ እጽፋለሁ። በቅርቡ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደብተር ይዞ መጣ። የሁለት ዓመት ኦቨርታይም፣ ቀኑ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የሽፍት ኃላፊው ፊርማ ሳይቀር ተጽፎበታል። እንደዚህ የጠራ ማስረጃ ብዙም አላይም። ግን አብዛኛው ብር በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ በማለፉ፣ ቀርቷል።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው፤ መጠበቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝም የትርፍ ሰዓትም ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። 6 ወር ብቻ! «በጀት ይለቀቅና» ይሏችኋል፣ «ለበዓል አንድ ላይ ትወስዳላችሁ» ይሏችኋል፣ እናንተም አለቃ ላለማስቀየም ዝም ትላላችሁ፣ ቀኑ ግን እየተቆጠረ ነው። በቃል የተገባ ተስፋ ይርጋ አያቋርጥም። የሚያቋርጠው አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ወይም እናንተ ለፍርድ ቤት ወይም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ስታመለክቱ ነው። እኔም ተቀጥሬ ስሠራ የእሑድ ሒሳቤን «የትም አይሄድም» እያልኩ ግማሹን አጥቻለሁ።

ሳይታዘዙ ማምሸትም አለ። ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው ወይም ወኪሉ በግልጽ ያዘዘው ነው። በቃል ከታዘዛችሁ ወዲያው በቴሌግራም «ዛሬ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንድቆይ ባዘዙኝ መሠረት እየሠራሁ ነው» ብላችሁ ላኩለት።

ስሌት ላይ ብዙ ሰው አበሉን ከደመወዙ ጋር ደምሮ ያካፍላል። የትራንስፖርት አበል በአዋጁ ደመወዝ አይደለም። የወር ደመወዙ 10,400 ብር ከሆነ ለወሩ የሥራ ሰዓት፣ ለ208፣ ይካፈላል፣ የሰዓቱ 50 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት 75 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 87.50፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 100፣ በሕዝብ በዓል 125 ይታሰባል። የተጋነነ ቁጥር ስታመጡ እውነተኛውም ይጠረጠራል።

አበል ደግሞ በውሉ ይጻፍላችሁ። ኦቨርታይምን ሕጉ ራሱ ያስከፍላል፤ የቤትና የትራንስፖርት አበል ግን የሚመጣው ከውል፣ ከኅብረት ስምምነት ወይም ከድርጅቱ ደንብ ነው።

«ኦቨርታይም በደመወዙ ተጠቃሏል የሚል ውል ፈርሜያለሁ» ብላችሁ አትተዉት። ውል ከሕጉ ያነሰ መብት ሊሰጥ አይችልም፣ አምጡትና እንየው።

የጥበቃው ደብተር የመጨረሻ ስድስት ወር ገጾች ኮፒ ተደርገው ከማመልከቻው ጋር ገብተዋል።