የመሣሪያ መደርደሪያዬ ከግድግዳው እየተነቀለ ሲያስቸግረኝ ያገኘሁት መፍትሔ

የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ለእንጨት ሥራ ያለኝ ቦታ በረንዳው ብቻ ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ መደርደሪያውን በፊሸር (ቪቴው እንዲይዝ ግድግዳ ውስጥ በሚገባ ፕላስቲክ) እና በቪቴ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አሰርኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሞርሳውን (እንጨት ጨምድዶ የሚይዘውን መሣሪያ) ሳስቀምጥበት ከነፊሸሩ ተገነጠለ። ልጄ በዚያ ሰዓት በረንዳው ላይ አልነበረችም፣ ተመስገን!

ጥፋቱ የፊሸሩ አልነበረም። ግድግዳው የተሠራበት ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ የሚይዘው ስሱን የፊት ገጽ ብቻ ነው።

አሁን ሁለት ሞራሌ (ወፍራም ረጅም እንጨት) ከወለሉ ጀምሬ አቁሜያለሁ። ክብደቱን ወለሉ ይሸከማል፤ ግድግዳው ሞራሌዎቹ ወደ ፊት እንዳያዘነብሉ ብቻ ይይዛል። ከዚያ ጣውላ ማሽን ቤት ወስጄ በቁመቱ በ45 ዲግሪ አሰነጠቅሁ። አንዱን ግማሽ፣ ሹል ጠርዙን ወደ ላይ አድርጌና ተዳፋቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ሞራሌዎቹ ላይ አግድም መታሁት። ሌላውን ግማሽ ገልብጬ ከመሣሪያ ማንጠልጠያዎቹ ጀርባ አሰርኩ። አንዱ በሌላው ላይ ይሰካል፤ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። የመጋዙን ቦታ ከመሮው ጋር መለዋወጥ ስፈልግ አንስቼ መስቀል ብቻ ነው። ይህን በጣም ወድጄዋለሁ።

የሥራ ጠረጴዛው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፤ በማጠፊያ እዚያው ሞራሌ ላይ ተያይዞ ሥራ ሳበቃ ይታጠፋል። ከፍታውን 85 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት፤ ቆሜ ስላግ ወገቤን አያመኝም።

በክረምት መላጊያውና መሮዎቹ በረንዳው ላይ አያድሩም። በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠርጌ ክዳን ባለው ሣጥን ቤት አስገባቸዋለሁ።