ከማስወለዳችሁ በፊት የኋላ እግሯን ተመልከቱ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ጀርመን ሼፐርድ ውሻ የምታሳድጉ ሁሉ፣ «ንጹሕ ዘር ናት፣ አንድ ጊዜ ትውለድ» ከማለታችሁ በፊት ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሣ አስተውሏት። ዳሌዋ ይወዛወዛል? ስትሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቿን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ታነሣለች? ይህ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ዝርያ በብዛት ይታያል፤ ወደ ቡችሎችም ይተላለፋል። ምልክት ባይታይ እንኳ አትዘናጉ፤ አስተማማኙ የራጅ ምርመራ ነው፤ እሱም 2 ዓመት ከሞላት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ ገና ልጅ ሳለች ወንድ አታቅርቡባት። የአባትየውም ዳሌ ይታይ፤ የዘር ወረቀት ጤንነትን አይመሰክርም።

እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው። ቡችሎቹ ደግሞ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናታቸው መለየት የለባቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችሉ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የደሴ የሌሊት ብርድ ሲሚንቶ ላይ ካገኛቸው ይገድላቸዋል። ከወለል ከፍ ያለ፣ ጨርቅ የተነጠፈበት ሣጥን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቡችሎቹ ተቀባዮች ጉዳይ ነው። ስምንት ብትወልድስ? ቡና ላይ «አንዱን ለእኔ» ያለ ሁሉ አይቆጠርም። ግቢ ያለውን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ የሚያስከትበውን ሰው ብቻ በስም ጻፉ። ስምንት ስም ካልሞላ እኔ አላስወልድም።