ዛፉ ኳስ መሰለብኝ! የሞዴል ባቡር ዛፎች ችግርና መፍትሄ

ሐዲዱ ተስተካክሎ፣ ጣቢያው እውነት መስሎ፣ ዛፎቹ ብቻ ሥራውን ያበላሹታል። ጥፋቱ ቅጠሉ ላይ ይታያል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከግንዱና ከቅርንጫፉ ነው። ቅጠል ለመጨመር አትቸኩሉ።

ዱላ ላይ የተሰካ ኳስ ይመስላል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ምክንያቱ የቅርንጫፍ ማነስ ነው። ሦስት አራት ሽቦ እናጣምምና ባዶውን ቦታ ቅጠል በሚሆነው የስፖንጅ ፍርፋሪ እንደፍነዋለን። ዛፉም ያብጣል። ትልቅ ዛፍ ሥር ቆማችሁ ቀና በሉ፤ በቅጠሎቹ መሃል ሰማይ ይታያል። ወፍ ገብታ የምትወጣበት ክፍተት አለው። የእናንተም እንደዚያ መሆን አለበት።

ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ቀጫጭን ሽቦዎችን አንድ ላይ ያዙና ታችኛውን ክፍል በፒንሳ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ። ከዚያ ጥቂት ጥቂቱን እየገነጠላችሁ ቅርንጫፍ አውጡ። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ደግሞ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት ክፈሉት፤ ጫፉ ላይ አንዲት ሽቦ እስክትቀር። በየመገንጠያው ሽቦው ስለሚቀንስ ግንዱ ወደ ላይ ራሱ እየቀጠነ ይሄዳል። ያለቀ ዛፍ ከሆነ ደግሞ በቅርንጫፎቹ መሃል ያለውን ፍርፋሪ በወረንጦ እየነቀላችሁ አሳሱት። አያሳዝናችሁ።

ግንዱ ገመድ ይመስላል

የሽቦው ጥምዝ ከሥር እየታየ ነው። ነጭ ኮላ ከስቱኮ ጋር አቅጥናችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ በየመሃሉ ይድረቅ። የመጨረሻው ሳይጠነክር በመርፌ ከላይ ወደ ታች ጫር ጫር ሲያደርጉት ቅርፊት ይሆናል። ቅርንጫፉን ግን አስቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ከደረቀ በኋላ ካጠፋችሁት ይሰነጠቃል። ቀለሙስ? ቸኮሌት የመሰለ ቡኒ እርሱት። የብዙ ዛፍ ግንድ ወደ ግራጫ ያደላል።

ቅጠሉ ይረግፋል

ወይ ፍርፋሪው ሳይነሰነስ ኮላው ደርቋል፣ ወይ የቀጠነው ኮላ ሽቦው ላይ እንደ ጤዛ ተንከባሎ ወርዷል። ለመጀመሪያው፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሥሩ። ለሁለተኛው፣ ኮላው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣል አድርጉ። በደንብ ሲደርቅ ገልብጣችሁ በጣት መታ መታ አድርጉት። የሚረግፈው እዚያው ይርገፍ፤ በኋላ ሐዲድ ላይ ከሚወድቅ ይሻላል።

እግረ መንገዴን፣ አንዴ የተተከለ ዛፍ ላይ በቆርቆሮ የሚመጣውን የሚረጭ ቀለም ነፋሁበት። ዛፉ አማረ። ከሥሩ ያለው የፎም ኮረብታ ግን ቀልጦ ተቦረቦረ። ቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ነጩን ፎም ይበላዋል። ቀለም የሚነፋው ዛፉ ሳይተከል፣ ሌላ ቦታ ነው።

አረንጓዴው ዓይን ይወጋል

አንድ አረንጓዴ ብቻ ተጠቅማችኋል። ጠቆር ያለውን ወደ ውስጥና ወደ ታች፣ ፈካ ያለውን አናቱ ላይ ብቻ ነስንሱ። ቀለሙን የምትመርጡት ደግሞ ባቡሩ ባለበት መብራት ሥር ይሁን፤ መስኮት ዳር ያማረው ቢጫ አምፖል ሥር ሌላ ነው። ኮላው ካብረቀረቀ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይበቃዋል።

ከቤቱ ያነሰ ዛፍ

15 ሜትር የሚሆን ዛፍ ኤችኦ (HO) በሚባለው የሞዴል መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰው (1 ለ 87)፣ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ኤን (N) በሚባለው ደግሞ፣ በ1 ለ 160፣ ከ9 ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። የብዙዎቻችን ዛፍ ከዚህ ያንሳል። ቦታ ካጠበባችሁ ትልልቁን ከፊት፣ ትንንሹን ከኋላ አድርጉ፤ ከኋላ ያለው የራቀ ይመስላል።

እንደ ምሰሶ ተተክሏል

ዛፍ ከመሬት ሲወጣ ሰፋ ይላል። ስትጠመዝዙ ከታች ጥቂት ሽቦዎች ተርፈው እንደ ሥር ወደ ጎን ይዘርጉ፤ መሃል ላይ ያለው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይውረድ። በወስፌ ቀዳዳ አብጁና ያለ ኮላ ሰክታችሁ በባቡሩ ቁመት ዝቅ ብላችሁ እዩት። ቦታው ከተስማማችሁ አጣብቁት፤ ሥሮቹን በደቃቅ አፈር ሸፈን አድርጉ።