የሚፈላ ጠላ አየር ሳያስገቡ እንዴት ይቀመሳል?

ደብረ ብርሃን ላይ ጠላ የጠመቀ ሰው ትዕግሥት ያልቅበታል። ብርዱ መፍላቱን ያዘገየዋል፤ ቀማሹ ደግሞ አያርፍም። አንዱ ክዳን ከፍቶ በጣሳ ይጨልፋል፤ ሌላው "እስቲ ደረሰ እንዴ?" ብሎ ይደግማል። በየመሀሉ አየር ይገባል።

ጠላው ሞቅ ብሎ ሲፈላ ብዙም አያሰጋም። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ወደ ውጭ ይገፋል፤ እርሾውም ጥቂት ኦክስጅን ቢገባ ይሻማል። አረፋው ከበረደ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የኮምጣጤ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያገኙ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይቀይሩታል። ያኔ ጠላው ሆመጠጠ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚቀዱበትን ዕቃ ያጽዱ። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። አጥበው የፈላ ውኃ ያሳልፉበት። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ለብ ባለ ውኃ አለቅልቆ መተው አያዋጣም።

ከዚያ ክዳኑን ቱቦው እስኪገባ ብቻ ገለጥ ያድርጉ። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ጌሾ ቀስ ብለው አልፈው ቱቦውን እስከ መሀል ይስደዱት። ከታች ከወረደ አተላ ያግበሰብሳል። አሁን የላይኛውን አፍ በአውራ ጣት ጥብቅ አድርገው ይድፈኑና ቀጥ አድርገው ያውጡት። ጠላው ቱቦው ውስጥ ተይዞ ይወጣል። ጣትዎን ሲያነሱ ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። ክዳኑን ወዲያው ይመልሱ። በአፍ መሳብማ በፍጹም! የአፍ ባክቴሪያ ይገባበታል።

ባልዲዎ ከታች ቧንቧ ካለው የተሻለ ነው፤ ክዳን አይነካም። ግን የጋዝ መውጫ ቱቦውን ውኃ ውስጥ ነክረው ከሆነ ይጠንቀቁ። ከታች ሲቀዱ ከላይ ውኃው ወደ ውስጥ ይሳባል። ቱቦው ውኃውን ነካ ያደረገ ብቻ ይሁን፤ የሚቀዱትም ትንሽ ይሁን። ውኃውም ንጹህና ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ጥሩ ነው።

ስንት ጊዜ ይቀመስ? ሲፈላ አንዴ፣ አረፋው ሲበርድ አንዴ፣ ከዚያ ከጥቂት ቀን በኋላ አንዴ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጣፋጭነታቸው ካልተለያየ ፍላቱ አብቅቷል። ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) ያለው ሰው ቁጥሩ ተከታታይ ቀናት አንድ ሆኖ ሲቆይ ይረዳዋል፤ ለእሱ ግን ብዙ ጠላ መቅዳት ያስፈልጋል፤ በየቀኑ መለካት ለትንሽ ጀሪካን አይመከርም።

ከብርጭቆው የተረፈውን ወደ ጋኑ አይመልሱ። አየር ጠጥቷል፤ ጨርሰው ይጠጡት።