በወሎ ደጋ አሮጌ ላዳን ለአማተር ውድድር ማዘጋጀት

ጥቂት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ መኪና በመግዛት በግቢያቸው ውስጥ ለአማተር ውድድር ሊያዘጋጁ ሲነሡ፣ ውይይታቸው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የሞተሩ ጉልበት እንዴት እንደሚጨመር በመጠየቅ ነው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ግን የተገላቢጦሹን ነው፦ መጀመሪያ የተጎዳው ይጠገን፤ ቀጥሎ ፍሬኑ የሚታመን ይሁን፤ ከዚያ መሪውና ሰስፔንሽኑ፣ ማለትም የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝበው ክፍል፣ ይስተካከል፤ ስለ ጉልበት የሚታሰበው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው በየትኛውም አገር ይሠራል፤ መቆም የማይችል ፈጣን መኪና ነጂውንም ተመልካቹንም ይገድላል። ሁለተኛው ግን የወሎ ደጋ የራሱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለውና አየር በራሱ የሚስብ ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱን ያጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ 75 የፈረስ ጉልበት ያህል የነበረው ሞተር ደሴ ላይ ወደ 55 ይወርዳል። ይህን ጉድለት በርካሽ ዕቃ መሙላት አይቻልም፤ በጥንቃቄና በትዕግሥት ብቻ የሚገኝ ግን ብዙ ነገር አለ።

ለጀማሪ ቡድን የምመርጠው ላዳ 2107 ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2012 የተመረተ ሲሆን መሠረቱ ፊያት 124 ነው፤ የሚነዳው በኋላ እግሩ ነው፤ ክብደቱ ከአንድ ቶን ብዙም አይበልጥም፤ ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የማይደርስበት ቦታ ጥቂት ነው። ለረጅም ዘመን በታክሲነት ስላገለገለም የሥራውን ጠባይ የማያውቅ መካኒክ የለም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የታጣ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። የምትገዙት የቀለም ውበት ሳይሆን ጤነኛ አካል ይሁን። ዝገቱን በክሪክ ማንሻው ቦታዎች፣ በወለሉና የኋላ አክሱሉን የሚይዙት ዘንጎች በሚታሰሩባቸው ቦታዎች ፈልጉ፤ የመሪው ሳጥን በብሎን የሚታሰርበትን የፊት ላሜራ ደግሞ ቆሻሻውን አስወግዳችሁ በባትሪ ብርሃን መርምሩት፤ በዚህ መኪና ላይ ስንጥቅ የሚጀምርበት የታወቀ ቦታ ነውና። ሞተር ይለወጣል፤ የተሰነጠቀና የበሰበሰ አካልን መልሶ ማጽናት ግን ከመኪናው ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ገንዘቡን በእቁብ መልክ መሰብሰብ የተለመደና የሚያዋጣ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሊብሬው በማን ስም እንደሚሆን፣ መኪናው ቢጋጭ ወጪው እንዴት እንደሚከፈልና አንዱ ጓደኛ ቢወጣ ድርሻው እንዴት እንደሚታሰብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይሁን። ወዳጅነት የሚሻክረው ብዙውን ጊዜ በተቃጠለ ሞተር ሳይሆን ባልተጻፈ ስምምነት ነው። ከዚሁ ጋር አንድ መዝገብ ክፈቱ፤ የተፈታው፣ የተለካውና የተለወጠው ሁሉ ከነቀኑ ይጻፍበት።

የሥራው ቦታ ደረቅና ደልዳላ ይሁን። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከስሩ መግባት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በብረት ካቫሌቶ (መደገፊያ) ላይ ካስቀመጣችሁት በኋላ በሁለት እጅ ገፍታችሁ አለመነቃነቁን አረጋግጡ። ዕቃ የሚታጠበው በናፍጣ እንጂ በቤንዚን አይሁን። በወሎ ግቢ ሰው በተሰበሰበበት ቡና መፈላቱ አይቀርም፤ የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ወርዶ ሳይታይ ርቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ የነዳጅ ቱቦ ወይም ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር በሚፈታበት ቀን ከሰሉ ከግቢው በሌላው ወገን፣ ከፍ ባለው ቦታ ይሁን። ይህን የምለው የቡናውን ማዕድ ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙ ጥሩ የሥራ ሐሳብ የሚወለደው እዚያው ነው።

የሞተሩን ጤና ማወቅ

ሞተሩን ከመፍታት በፊት ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ መለካት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲሞቅ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፤ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የቦቢናው ገመድ ይነቀል፤ አንዱ ሰው የነዳጁን ፔዳል እስከ መጨረሻ ረግጦ በማስነሻ ሞተሪኖው ሲያዞር፣ ሌላው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ በግፊት መለኪያው የሚታየውን ይመዝግብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ዳርቻ አየር ነው፤ በባሕር ዳርቻ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ ምንም አልጎደለበትም። ይህን ሳያውቁ ደህና ሞተር ፈትተው ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ዙሪያ የሚያሽግ ቀለበት) የለወጡ ሰዎች ገንዘባቸውን በከንቱ አፍስሰዋል። በደጋ ይበልጥ የሚታመነው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር ካልበለጠ ሞተሩን አትንኩት። አንዱ በጣም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ደግማችሁ ለኩ፤ ቁጥሩ ከጨመረ ያለቀው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው።

ፋሻና ብሮንዚና (የኮሎው መሽከርከሪያ ሽፋን) መለወጥ ግድ ከሆነ ብሎኩንና ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ኮሎውን፣ ለልኬት ወደ ታመነ ቶርኖ ቤት ውሰዱ፤ ይህ በግቢ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ቴስታታው ሲመለስ ዋናዎቹ ብሎኖች ከመካከል ወደ ዳር እየተሄደ በሁለት ዙር ይጠበቃሉ፤ የመጀመሪያው ዙር ከ33 እስከ 41፣ ሁለተኛው ከ96 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው። ለዚህ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቶርክ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ መግዛት ካልተቻለ ከጋራዥ ይከራይ እንጂ በክንድ ግምት አይጠበቅ። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ሰዓት ለሁሉም 0.15 ሚሊሜትር ነው። ቫልቮቹን በአፍንጫዎቹ እየገፋ የሚከፍተው የዚህ ሞተር ካምሻፍት ቶሎ የሚበላ ስለሆነ የቫልቮቹ ክዳን በተከፈተ ቁጥር የአፍንጫዎቹን ገጽ በጣት ዳስሱ።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን ይታይ። በደሴ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ክዳኑ ግማሽ ባር ግፊት ከያዘ ግን መፍያው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን በደጋ ትልቅ አደጋ ነው፤ ሞተሩ ሳይበላሽ ያፈላል፤ ሰውም ራዲያተሩን ይወቅሳል።

ፍሬን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሾፌር ፍሬን ሲግል ምን እንደሚመጣ ማንም ሊያስረዳው አያሻውም። የውድድር ሙቀት ከዚያ የባሰ ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ዘይት ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የጠጣው ግን 155 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ፔዳሉም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወለል ይነካል። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ ያለው አሮጌ ዘይት ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ከታሸገ ዕቃ አዲስ የተከፈተ ዶት 4 ይግባ። አየሩ የሚወጣው ዘይቱን ከሚገፋው የፍሬን ማስተር ከሚርቀው እግር ተጀምሮ ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻም የፊት ግራ። አንዱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይረግጣል፤ ሌላው ከታች ይፈታል፤ ረጋጩ «ያዝኩ» ሳይል ታችኛው አይፍታ፤ ታችኛውም «አጠበቅሁ» ሳይል ረጋጩ እግሩን አያንሣ። በዚህ መሐል ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ የሚጠብቅ ሦስተኛ ሰው ይኑር።

የፊቱ ዲስክ ከ9 ሚሊሜትር ከሳሳ፣ የፍሬን ሸራው ከ1.5 ሚሊሜትር ካነሰ፣ የኋላው ታምቡር ውስጡ ከ251 ሚሊሜትር ከሰፋ ይለወጣል። የጎማ ቱቦዎቹ ሲታጠፉ ስንጥቅ ካሳዩ ዕድል አትስጧቸው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል፦ የእግሩን ግፊት የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በውጪው አየር ግፊትና በሞተሩ ስበት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ የደጋው ግፊት አነስተኛ ስለሆነ እገዛውም ያንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ ፔዳሉ ትንሽ መክበዱ ብልሽት አይደለም፤ ነጂው ለዚያ እግሩን ያለማምድ።

መሪ፣ ጎማና ሰስፔንሽን

ሾፌሩ መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲያነቃንቅ ከስር ያለው ሰው ቴስቲናዎቹን፣ ማለትም የመሪው ዘንጎች የሚታጠፉባቸውን መገጣጠሚያዎች፣ በእጁ ይዞ ይመርምር፤ በጣት የሚታወቅ ልቅነት ካለ ይለወጣሉ። ከአዲስ ሞላ ይልቅ አዲስ ቦኮላ (በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ የሚገባ ጎማ) እና የሞላውን ዝላይ የሚገታ ጥሩ አሞርዛተር ለዚህ መኪና የበለጠ ይጠቅማል። መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሞላን በኦክስጅን እሳት መቁረጥ የተለመደ ቢሆንም እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ፤ እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል፤ የተቆረጠው ሞላም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ በቤት ለመለካት በመኪናው በሁለቱም ጎን ከአካሉ ጋር ትይዩ የሆነ ሲባጎ ወጥራችሁ፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩ፤ የሁለቱ ጎማዎች ልዩነት ሲደመር የፊት ጠርዛቸው ከኋላው ይልቅ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ የገባ ይሁን። ጎማ ሲገዛ በጎኑ ላይ የታተሙትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ ድንጋይ ሆኗል፤ መንገድ አይዝም።

ክብደት መቀነስ ከሁሉ የረከሰ ማሻሻያ ነው። የኋላ ወንበር፣ ምንጣፍና ትርፍ ጎማ ይውጣ፤ ወለሉ ላይ የተጣበቀው የሬንጅ ንጣፍ ደግሞ ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ሲመታ ተሰባብሮ ይነሣል። በዚህ መልክ የተራቆተ መኪና ለመንገድ የዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ አያገኝም፤ ወደ ውድድሩ ቦታ በአይሱዙ ተጭኖ ይሂድ።

የነጂው ጥበቃ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የምለምነው እዚህ ነው። በገበያ የሚገኘው ለአጥርና ለወንበር የሚሆን ስስ ቱቦ፣ እንዲሁም የውኃ መስመር ጋልቫናይዝድ ቧንቧ፣ ለመገልበጥ መከላከያ ቀፎ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከነጂው ጀርባ ለሚቆመው ለዋናው የቀፎ ቅስት የሚጠይቀው ስፌት የሌለው፣ ዲያሜትሩ 45 ሚሊሜትርና የግድግዳው ውፍረት 2.5 ሚሊሜትር ወይም ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትርና ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ነው። እግሮቹ በቀጥታ በወለሉ ላሜራ ላይ ከተበየዱ በግልበጣ ጊዜ ወለሉን በስተው ይወርዳሉ፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ እግር ስር 3 ሚሊሜትር ውፍረትና ቢያንስ 120 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ብረት ይበየድ። ብየዳውን የሚሠራው ከመካከላችሁ የሚደፍረው ሳይሆን ሙያው ያለው ሰው ይሁን። የነጂው ቀበቶ አራት ነጥብ የሚይዝ፣ ወንበሩ በጽኑ የታሰረ፣ የራስ ቁሩ ያልወደቀና ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ 2 ኪሎ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ነጂው ታስሮ ሳለ በሚደርስበት ቦታ በብረት ማሰሪያ ይያዝ። ለዚህ ገንዘብ ከሌለ ውድድሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

አሁን ስለ ጉልበት

ካርቡራተር ያለው ሞተር ለባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ ደጋ ሲወጣ፣ አየሩ ሲሳሳ የነዳጁ መጠን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ይወፍራል። ምልክቱ ጥቁር ጥላሸት የያዘ ካንዴላ፣ የቤንዚን ሽታና ዘግይቶ የሚነሣ ሞተር ነው። መድኃኒቱ ዋናውን ጂግለር፣ ማለትም ነዳጅ የሚለካበትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ፣ ዲያሜትሩ 5 በመቶ ያህል ባነሰ መለወጥ ነው። የተደፈነ ጂግለር በአየር ይነፋ እንጂ በሽቦ አይወጋ። ከሙከራ በኋላ የካንዴላው ጫፍ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ልኩ ደርሷል፤ ነጭ ከሆነ ነዳጁ አንሶታል፤ ፒስተን ሳይቃጠል ወደ ኋላ ተመለሱ። የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውና የሚያገናኘው የፑንቲናው ክፍተት 0.4፣ የካንዴላው ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው፤ ፑንቲና የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ከተገኘ ግን ከማንኛውም የሚያብለጨልጭ የጌጥ ዕቃ ቀድሞ ይገዛ።

በሳሳ አየር ውስጥ ቃጠሎው ስለሚዘገይና ማንኳኳቱም፣ ማለትም ነዳጁ ያለ ጊዜው መፈንዳቱ፣ ስለሚቀንስ፣ ማቀጣጠያው ከፋብሪካው ልክ ጥቂት ዲግሪ ሊቀድም ይችላል። ይህ ማስተካከያ ግን የደጋ ብቻ ነው። መኪናው ወደ ኮምቦልቻ፣ ይልቁንም ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ በደሴ ልክ የነበረው ጂግለር ነዳጅ ያሳንሳል፤ የቀደመው ማቀጣጠያም ሞተሩን ያንኳኳል። ስለዚህ የሁለቱም ቦታ ልኬት በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ትልቁም ጂግለር በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ይኑር።

የመጀመሪያው ሙከራ ባለቤቱ በፈቀደው ዝግ ሜዳ እንጂ በሕዝብ መንገድ ላይ አይደረግም። በእግር ፍጥነት ፍሬኑን ደጋግሞ መሞከር፣ ከዚያ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ መጨመር፣ በየመሐሉም ቆሞ የዘይት፣ የውኃና የነዳጅ መንጠብጠብ ካለ መመልከት ያስፈልጋል። ወደ ግቢ ሲመለስ የቸርኬዎቹ ዳዶዎች በ60 እና በ70 ኒውተን ሜትር መካከል እንደገና ይጠበቁ፤ የቀፎው ብየዳዎች አንድ በአንድ ይታዩ፤ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የቫልቮቹ ክፍተት ዳግም ተለክቶ በመዝገቡ ይጻፍ።