ጅማ ላለው ፎቅ ቤት ዋይፋይ ስታዘረጉ

ጅማ ያለው ቤተሰብ «ኢንተርኔቱ ምድር ቤት ደህና ነው፤ ላይ ስንወጣ ግን ይጠፋል» ብሎ ሲደውል፣ ውጭ አገር ያለን ብዙዎቻችን ፈጣን ጥቅል እንዲገዙ ገንዘብ እንልካለን ወይም ለሚሄድ ሰው ውድ ራውተር እናስይዛለን። ገንዘቡ ይወጣል፤ እናታችን ግን በቪዲዮ ሊያዩን ዛሬም ደረጃ ይወርዳሉ። ሲግናሉን የሚያስቀረው በፎቆቹ መካከል ያለው ሶሌታ ነው። ፌሮና ኮንክሪት የሬዲዮ ሞገድን ክፉኛ ያዳክማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ገመድ ነው።

መስመሩ ከገባበት ዋና ራውተር ወደ እያንዳንዱ ፎቅ አንድ አንድ ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ገመድ ይሳብ። እስከ 100 ሜትር ስለሚያደርስ ለመኖሪያ ቤት ይተርፋል። በጥራቱ ላይ ግን አትደራደሩ፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም እንደ ሙሉ መዳብ ይሸጣል፤ ቶሎም ይሰበራል። ባለሙያው በቪዲዮ እያያችሁት የውስጡን ሽቦ በምላጭ ይፋቀው። ነጥቶ ብር ከመሰለ ለባለሱቁ ይመለስ።

ገመዱ በደረጃው በኩል፣ ከመብራት ሽቦ ተለይቶ በራሱ ቱቦ ይለፍ። በውጭ ግድግዳ ማንጠልጠል ይቀላል፤ ነገር ግን የጅማን ዝናብና መብረቅ ታውቁታላችሁ። ቤቱ ገና በግንባታ ላይ ከሆነ እድለኞች ናችሁ፤ ልስን ከመጀመሩ በፊት ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ባዶ ቱቦ ይቀበር። ከዚህ የረከሰ መፍትሔ አላውቅም።

በየፎቁ ገመዱ የሚያልቅበት ቦታ አዲስ ዕቃ የግድ አይደለም። ውጭ አገር ከአገልግሎት ያወጣችሁት ራውተር «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው፣ በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭበት አሠራር ከተቀየረ ይበቃል። ከመላካችሁ በፊት የኃይል አስማሚው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን እዩ፤ የአገራችን መብራት 220 ነው። ስምና የይለፍ ቃሉ በሁሉም ፎቅ አንድ ይሁን፤ ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ግን እርስ በርስ እንዳይረባበሹ የየፎቁ ቻናሎች (የሞገዱ መስመሮች) ይለያዩ፦ 1፣ 6 እና 11። ሌላው ሞገድ፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ላይ ግን ይደክማል። ሲግናል ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ርካሽ ሪፒተር ገመድ ማለፍ ላልቻለበት ቤት ብቻ ተዉት፤ ፍጥነቱን ብዙ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ ዋናውን ራውተርና የፋይበሩን ሳጥን የሚያቆይ አነስተኛ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ጨምሩ። ቮልቱ ከመሣሪያው ጋር ይግጠም፤ አንዳንዱ 9፣ አንዳንዱ 12 ነው።

ከሩቅ ሆናችሁ ችግር ስትፈልጉ አንድ ጥያቄ ብዙውን ይፈታል። ከዋናው ራውተር አጠገብ ቆመው ፍጥነቱን ይለኩና ፎቶ ይላኩላችሁ። እዚያም ደካማ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ሊሆን ስለሚችል የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994 ይደውል። እዚያ ጥሩ ሆኖ ላይ ብቻ ከደከመ ጉዳዩ የቤቱ ነው። ውሉም ጅማ በሚኖር ሰው ስም ቢሆን ይሻላል፤ በእናንተ ስም ከሆነ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ውክልና ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ክፍያውን ቤተሰቡ በቴሌብር ይፈጽማል።

አንዱን ፎቅ ለዩኒቨርሲቲው መምህራን ወይም ተማሪዎች ለምታከራዩ፣ ለተከራዮቹ ከቤተሰቡ የተለየ የእንግዳ ኔትወርክ ይከፈትላቸው። የራውተሩ ዋና የይለፍ ቃል በእናንተና ቤት ባለ አንድ ሰው እጅ ብቻ ይቆይ። የባለሙያውን ቀሪ ክፍያ ደግሞ ታናሽ ወንድማችሁ ከላይኛው ፎቅ በቪዲዮ ደውሎ፣ ሳይቆራረጥ ካወራችሁ በኋላ ላኩ።