የአያታችሁን ንቅሳት እንዳታጠፉት

ባለፈው ክረምት የአያቴን ፎቶ በስልክ አፕ «አሳመርኩት»። ቆዳዋ እንደ ሕፃን ጠራ፣ ዓይኗ አበራ፣ ግንባሯ ላይ የነበረው የመስቀል ንቅሳት ግን ጠፋ። አፑ ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። እናቴ አየችውና «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ፎቶ የማድሰው ኮምፒውተር ላይ በራሴ እጅ ነው።

መጀመሪያ ስካኑ። ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ዝም ካላችሁ እንደ ደብዳቤ ነው ስካን የሚያደርጉላችሁ። ስለዚህ ተናገሩ፦ ለፖስትካርድ መጠን 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው)፣ ለጉርድ ፎቶ 1200፣ ፋይሉም ቲፍ (TIFF) ይሁን፣ ጄፔግ (JPEG) ከሆነ እያስተካከላችሁ ባስቀመጣችሁት ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በከለር ይሁን። ጀርባውንም አስነሱ፣ «ለማስታወሻ» የሚለው ጽሑፍና የስቱዲዮው ማህተም እዚያ ነው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ አትሞክሩት። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውንም ልላጥ ብላችሁ እንዳትታገሉ፣ ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ።

ከዚያ ጊምፕ (GIMP) የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ፣ ነፃ ነው። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂው ላይ ሥሩ።

በከለር ያልኩት ለዚህ ነው፦ የከለር ስካን ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ንብርብር የተሠራ ነው፣ እያንዳንዱ ቻናል ይባላል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ያለ ቢጫ ነጠብጣብ በሰማያዊው ቻናል ጠቁሮ ይታያል፣ በቀዩ ግን ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ቀዩን ብቻ ወስዳችሁ ሌሎቹን ጣሏቸው፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ በአንድ ደቂቃ አለቀ ማለት ነው። በእጅ ቀለም የተቀባ ፎቶ ከሆነ ግን ይህን አታድርጉ፣ ስቱዲዮው የቀባው የከንፈር ቀይ አብሮ ይሄዳል።

ለጭረትና ለእጥፋት ሂሊንግ የሚባለው መሣሪያ አለ። ብሩሹን ከጭረቱ ትንሽ ብቻ ሰፋ አድርጉት። ጉንጭ ላይ ግሩም ነው። የነጠላው ጥለት ላይ ሲደርስ ግን ቀለሙን ያጨማልቀዋል፣ እዚያ ክሎን የሚባለውን፣ ከሌላ ቦታ እንዳለ የሚገለብጠውን መሣሪያ ተጠቀሙና መስመሩን ተከትላችሁ ቀስ እያላችሁ ሙሉት።

ፊት ላይ ያለ ነጥብ ካጠራጠራችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት ትልቅ ሰው ጠይቁ። እኔ የአያቴን አገጭ ላጸዳ ስል አክስቴ ከኋላዬ ሆና እያየች ነበር።

«ተው አንተ! እዚያ ጋ ማርያም ስማት ነው።»